ስምሽ የነበረበት ጨርቅ

ውድ ሬኒታ፣

ትናንት ተመረቅሁ። ደውዬ ልነግርሽ አልፈለግሁም፤ በስልክ ቀልድ ትጀምሪና የልቤን ሳልነግርሽ እንሰነባበታለን።

ዩኒቨርሲቲ በገባን ሳምንት ሚስ ዋርድሎ ጥቁር ተማሪዎችን ሰብስበው ስለ ኬንቴ፣ በምረቃችን ቀን ትከሻችን ላይ ስለምናደርገው ባለቀለም ጨርቅ፣ የነገሩንን ታስታውሻለሽ? ስማችን የሚጠለፍበትን ክር ያኔውኑ አስመረጡን።

"ሚስ ዋርድሎ፣ እኛ እኮ ገና የመማሪያ ክፍላችንን አላገኘነውም" አልሻቸው።

"ስምሽ ተጠልፎ ሲጠብቅሽ ታገኚዋለሽ፣ ልጄ።"

አንቺ ነጭ ክር መረጥሽ። "ከሩቅ ይታይ፤ እማዬ እንደሆነች መነጽሯን ቤት ነው የምትረሳው" አልሽ። እኔ ቀይ መረጥሁ። በምረቃው ቀን ኬንቴውን አንዳችን ሌላችንን ልናለብስ ተስማማን።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ፕሮፌሰሩ "ተቧደኑ" ባለ ቁጥር ወንበር ይጎተታል፣ ሁሉም ወደሚያውቀው ሰው ይዞራል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም። ብቻ የሚያውቀን አልነበረም። "ነይ ቬርና፣ ትራፊዎቹ እንቧደን" ትዪኝ ነበር። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች በነዚያ ቡድኖች መካከል ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞሩ ያወቅሁት አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው።

የሙቀት ሽግግርን ያስተማርሽኝ ጎመን ጥደሽ፣ የድስቱን ክዳን እያነሳሽ ነበር። እኔ ቀመሮቹን ሸምድጄ አለፍሁ። አንቺ ግን ፈተናው ላይ እያንዳንዱን ከመነሻው ስታወጪ ሰዓቱ አለቀብሽ። ውጤትሽ ትንሽ ዝቅ አለ፣ ስኮላርሺፑም ተቋረጠ። አማካሪሽ "ከምህንድስና ቀለል ያለ የትምህርት ክፍል ብትሞክሪስ?" ያለሽን ስትነግሪኝ ትስቂ ነበር።

"በደግነት ነው እኮ ያለኝ" አልሽኝ። "ቢሰድበኝ መልስ ነበረኝ።"

ባለፈው ሐሙስ ሚስ ዋርድሎ የኬንቴዎቹን ካርቶን አወጡ። የእኔ ከላይ ነበር። ከሥሩ ባለቤቶቻቸው ለምረቃ ያልበቁ ጨርቆች ተደራርበዋል፤ ከምንወስዳቸው ይበዛሉ። እሳቸው በትንሽ መቀስ የተጠለፉትን ስሞች ክር እየፈቱ ነበር።

"ለአዲስ ገቢዎቹ ነው" አሉኝ።

የአንቺን እንዲያቆዩልኝ ለመንኋቸው። "ትመለሳለች?" አሉ። እጠይቃታለሁ አልኋቸው።

ከምትሠሪበት መጋዘን ጩኸት መሐል ሆነሽ ስልኩን አነሳሽ። ለመመለስ ማመልከት አሁንም እንደምትችዪ፣ ኬንቴሽም እንዳለ ነገርሁሽ።

"የፈረቃ አለቃ አድርገውኛል" አልሽ።

እንኳን ደስ አለሽ ማለት ነበረብኝ። አላልሁሽም።

"ፍቺው፣ ቬርና። ግን አንቺው ፍቺው። ሚስ ዋርድሎ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጨርቁን ይቀድዱታል።"

ፈታሁት። ነጩ ክር ቶሎ አልወጣም፤ ከሚስ ዋርድሎ አጠገብ ተቀምጬ ፊደል በፊደል ነቀልሁት። ስጨርስ ጨርቁን ወደ መስኮቱ ያዝሁት። በመርፌው ቀዳዳዎች ስምሽ አሁንም ይነበባል።

"አዲሱ ስም ይሸፍነዋል" አሉ ሚስ ዋርድሎ።

"አዲሷም ልጅ ካልጨረሰችስ?"

ጣታቸውን ከስምሽ ዝቅ አድርገው አሳዩኝ። እዚያም ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ያረጁ፣ የሌላ ሰው። አዲስ ነው ያልነው ጨርቅ ለአንቺ ሲጠለፍም አዲስ አልነበረም።

ትናንት ኬንቴውን ያለበሱኝ ሚስ ዋርድሎ ናቸው። ቦታው የአንቺ ስለነበር ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም። አዳራሹ አጨበጨበ፤ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት እጄን ጨብጦ ለካሜራው ያዝ አደረገኝ። እናቴ እንባዬን አይታ አለቀሰች፤ የደስታ መስሏት አቀፈችኝ። እኔም አልነገርኋትም።

ማደሪያ ክፍሌ ስገባ የራሴን ገልብጬ አየሁት። ከቀዩ ክር ሥር ቀዳዳዎች አሉ። መብራት አስጠግቼ ማን እንደነበረች ላነብ ሞከርሁ። አልቻልሁም።

እሑድ አንቺ ጋ፣ ክሊቭላንድ እገባለሁ። ስለ ምረቃው አትጠይቂኝ። ጎመን ጣጂ፣ ክዳኑን እኔ አነሳለሁ።

ጓደኛሽ፣
ቬርና