የሰዓት ገማቹ የአቶ ይስማው አግማስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይስማው አግማስ ከአባታቸው ከአቶ አግማስ ቸሬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺእመቤት ገብረ ማርያም በ1946 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ደሴ አጠናቀው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ተቀጥረው ጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። በ1974 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካዲስ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን አብይን ወልደዋል። ቀድመዋቸው ያረፉት ወይዘሮ ሰርካዲስ ቤታቸው ሰዓት ሞልቶ ሳለ ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚጠይቁት ጎረቤት ነበር። አቶ ይስማው ሰዓቶቹን መሙላት ያስረጃቸዋል እያሉ አንዱንም አያስነኩም ነበርና።

አሮጌ የእጅ ሰዓት በመለየትና በመገመት በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ይህን የመሰከሩት ራሳቸው ናቸው። ፊቱ እንደገና የተቀባ ሰዓት ሬሳ ነው፣ ጀርባው ላይ የሰው ስም የተጻፈበት ደግሞ የተበላሸ ዕቃ ነው ይሉ ነበር። ሠርግም ላይ ለቅሶም ላይ ሰው ሲጨብጡ መዳፉን ትተው አንጓውን ይይዙ ነበር። ገበያውን የሞላ ተራ ዕቃ ነው ብለው ያጣጣሉት የስንቱ አባት ሰዓት፣ ከርሞ እሳቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ብርቅ ሆኖ ተገኝቷል። ከመካከላችሁ የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

አባታቸው አቶ አግማስ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ስማቸው ጀርባው ላይ የተቀረጸ ሰዓት ተሸለሙ። ሲደክሙ ያስታመሟቸው ታናሽ ልጃቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ ስለነበሩ ሰዓቱን ለእሳቸው ሰጥተው አረፉ። ሙት ዓመቱ ሳይወጣ አቶ ይስማው ኮምቦልቻ ወርደው ለግምት ብቻ ነው ብለው ወሰዱት። ግምቱ ሃያ ዓመት አለፈው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በየበዓሉ ሲጠይቁ፣ ገና እየተጠና ነው ይባሉ ነበር።

ዘንድሮ አቶ ይስማው በኩላሊት ሕመም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሲተኙ፣ ከኮምቦልቻ በሚኒባስ አጥሚት እያመላለሱ ያስታመሟቸው እኒሁ እህት ናቸው። የጠየቁትም ሰዓቱን ብቻ ነበር። አቶ ይስማው በአብይ አስመጥተው ሰጧቸው። ወይዘሮ ፀሐይነሽ ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው እንደ መስታወት ልሙጥ ነው። ስሙ ዋጋ ስለሚያወርድ አስፍቄ አስወልውዬዋለሁ፣ አሁን ንጹሕ ነው አሏቸው፤ ምስጋናም ጠበቁ።

ወይዘሮ ፀሐይነሽ ድምፃቸውን አላነሱም። "ጋሼ፣ ያስፋቁት እኮ አባታችንን ነው" አሉ።

የሰዓት ወዳጃቸው አቶ በሽር ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። ሰዓቱን ተቀብለው በአጉሊ መነጽር አገላብጠው አዩት። እንዲህ ያለ ሰዓት በየሱቁ እንደነበረ፣ የሠራተኛ ስም የተቀረጸበት ግን ከጣት ቁጥር እንደማይበልጥ አስረዱ። "ወላሂ ይስማው፣ ብርቁ ስሙ ነበር" ብለው ሰዓቱን መለሱ።

ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ልጃቸው አብይ፣ እህታቸው ወይዘሮ ፀሐይነሽ እና አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ የቆሙ ሰዓቶች ቀርተዋል። የመቃብሩን ድንጋይ ያዘዙት ወይዘሮ ፀሐይነሽ ናቸው። ይስማው የሚለው እንደ ነገሩ ይሁን፤ ከሥሩ የሚጻፈው አግማስ ግን ማንም እንዳይፍቀው ጠልቆ እንዲቀረጽ ለጠራቢው ነግረዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ያለ አጉሊ መነጽር ይይልን። አሜን።