ሁለተኛውን እሳት ያልጠገበ ዳቦ

የካቲት 9

ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌን ሎፖን የገደለው ባሕር አይመስለኝም። እኔ የጋገርኩት ዳቦ ነው።

ይኸው ጻፍኩት። ወረቀት እንደ ሰው አያፈጥም።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነው የዋለው። ዝናብ። እንጨቱ ረጥቦ ጭሱ ምድጃ ቤቱ ውስጥ ዓይናችንን ሲያቃጥለው ዋለ። ወደ ህንድ ለሚሄዱት መርከቦች የሚጫነው ዳቦ ገና ግማሽ አልሞላም። ይህ ዳቦ ሁለት ጊዜ ምድጃ ይገባል፤ አንዴ እንዲበስል፣ አንዴ እንዲደርቅ። ሁለተኛውን እሳት ካልጠገበ ሞቃቱ ባሕር ሳይደርሱ ይሻግታል። ምድጃ ቤት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።

እኔም አውቅ ነበር። ያን ዓመትም...

የካቲት 14

ማታ ሰርዲን በጎመን እየበላን አፎንሶ ገባ። የሜሲያ ልጅ ነው፣ አንድ ያላት። ሜሲያ የሎፖ እህት ናት። ሎፖ ከሞተ ጀምሮ የምኖረው እሷ ቤት ነው።

«እማዬ፣ አክስቴ፣ ሳንታ ኢሪያ መርከብ ላይ ተቀጠርኩ!»

ሜሲያ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን ጎደለብህ?»

«ቁንዶ በርበሬ ነዋ! ለመርከበኛ አንድ ሣጥን ለራሱ እንዲያመጣ ይፈቀዳል። ሞልቼው እመጣና አንቺም ዓሣ መሸጡን ትተሽ እንደ እመቤት ትቀመጫለሽ።»

«አጎትህም እንዲሁ ነበር የሚለው።»

«አጎቴ ሞኝ ነበር እንዴ?»

«ተስፈኛ ነበር። ሣጥኑ ባዶውን ቢመጣ ግድ የለኝም። አንተ ብቻ እንዳትጎድል።»

ሳቀና ከሳህኔ ሰርዲን አንስቶ በላ።

የካቲት 15

ሜሲያ ስትጸልይ ሰማኋት። ባሕሩን ገሥጽልኝ ትላለች። ባሕሩ ምን አደረገ?

የካቲት 22

ሎፖ የሄደበትን ያንን ቀን ልጻፈው።

መርከቦቹ ሊነሱ ሲሉ፣ በዋዜማው፣ ሚስቶች በባዶ እግራችን ሻማ ይዘን መነኮሳቱን ተከትለን እስከ ቤሌም ወደብ ዳርቻ እንሄዳለን። የመጨረሻው ዳቦዬ ምድጃ ውስጥ ነበር። ደወሉ ተደወለ። ብጠብቅ ሎፖን ሳላየው ሊሄድ ነው... ዳቦውን አወጣሁት። መሐሉ ለስላሳ ነበር፤ ጣቴ ነገረኝ። ጆንያ ውስጥ ከተትኩትና ሮጥኩ።

ሎፖ በሰልፉ መካከል ስሄድ አየኝ። «ጫማሽን ማን ሰረቀሽ?» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

አብሮት የሄደ ሰው በሁለተኛው ዓመት ተመልሶ ለሜሲያ ነገራት። ዳቦው አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላ ስለሌለ ያንኑ በሉ፤ ብዙ ሰው በሆድ ሕመም አለቀ። ሎፖ አንዱ ነው። «የባሕር እርጥበት ነው» አለች ሜሲያ። እኔም አጠገቧ ቆሜ «አዎ፣ ባሕሩ ነው» አልኩ።

የኔ ጆንያ ይሁን የሌላ ሴት በምን አውቃለሁ? ብዙ ነበርን። አላውቅም። ባውቅ ይሻለኝ ነበር ይሆን?

የካቲት 27

ቅዳሴ ሄድኩ። ፊደል የቆጠርኩት እዚያው ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ካሉት የመቃብር ድንጋዮች ነው። መጀመሪያ ያነበብኩት «እዚህ አረፈ» የሚለውን ነበር። ሎፖ ግን የትም ድንጋይ የለውም።

መጋቢት 18

አለቃችን ሲማኦ ሲሮጥ መጣ። ነፋሱ ዞሯል፣ መርከቦቹ ሊነሱ ነው፣ ምድጃ ውስጥ ያለው ሁሉ ይውጣ አለ። ዳቦው ሁለተኛውን እሳት ገና አልጠገበም።

«እትዬ ጊዮማር፣ ይሄ ዳቦ እኮ የኔን ጉንጭ ነው የሚመስለው፤ ሲነኩት ይጎደጉዳል!» አለችኝ አብራኝ የምትጋግረው ቪዮላንት። ሁሉም ሳቁ፤ እየሳቁም ጆንያ ውስጥ ከተቱት።

አንዱን ልሰብር ሞከርኩ። ተጣጠፈ።

«ለየትኛው መርከብ ነው?» አልኩ።

«ለሳንታ ኢሪያ።»

መጋቢት 19

ተሸካሚዎቹ ጠዋት መጡ። ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። አስቤበት አይደለም።

«ተነሽ እንጂ ሴትዮ» አለ ሲማኦ።

«አልነሳም። ይሄ ተመልሶ ምድጃ ይግባ።»

«መርከብ እያስጠበቅሽ እኮ ነው!»

«ይጠብቅ።»

«አንቺ ደሞ መቼ ነው የተሾምሽው?»

ቪዮላንት መጥታ አጠገቤ ዘፍ አለች። «እኔ እንኳ ስለ ዳቦው አይደለም፤ ወገቤን አሞኝ ነው።» ሌሎቹም ተቀመጡ። ተሸካሚዎቹ በሳቅ ሞቱ።

ሲማኦ ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ አለኝ፦ «የማላውቅ መሰለሽ? እኔም እኮ በላዬ አለቃ አለብኝ።»

«እኔም አውቅ ነበር» አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም። ግን ፊቴን አይቶ ቀና አለና ምድጃው ይንደድ ብሎ ጮኸ። ማታ ስወጣ ከእንግዲህ እንዳልመለስ ነገረኝ። አልተከፋሁበትም። እሱስ ምን ያድርግ?

መጋቢት 21

ሳንታ ኢሪያ ከሌሎቹ አንድ ቀን ዘግይታ ሄደች። አፎንሶ ዳርቻው ላይ አቀፈኝ።

«አክስቴ፣ መርከበኛው ሁሉ ሲረግምሽ ነው ያደረው።»

«ይርገሙኝ። ዳቦውን ቀመስከው?»

«ጥርሴን ሊሰብረው!»

«እሰይ።»

ሸራዋ እስኪጠፋ ቆምን። ሜሲያ ክንዴን ይዛ ነበር።

መጋቢት 22

ሜሲያ ሽንኩርት እየላጠች፦ «ታዘሽ የምታድሪ ሴት፣ ጆንያ ላይ ምን አስቀመጠሽ?» አለችኝ።

«ዕድሜ ነው።»

«አይደለም» አለች። ከዚያ እጄን አንስታ ሳመችው። «ልጄን አተረፍሽልኝ።»

ይህንንስ አልቻልኩም። ብትሰድበኝ እችለው ነበር። ያቺ እጅ እኮ ናት...

መጋቢት 24

ፀሐይ ወጥቷል። የምሄድበት ሥራ የለም። አፎንሶ ይመለስ አይመለስ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ዳቦው ግን ደርቋል።

ሌሊቱን ደህና ተኛሁ። ስነሳ ቁርጡን አውቄው ነበር። ሜሲያ ከቤቷ ብታስወጣኝ እውነቷን ነው። ሎፖ ወንድሟ ነው። እስከ ዛሬ ባሕሩን ስትወቅስ አብሬያት ባሕሩን ስወቅስ ኖርኩ።

ከገበያ ስትመለስ እነዚህን ገጾች ለሜሲያ እሰጣታለሁ። ፊደል አታውቅም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እኔው አነብላታለሁ።