ጎህ የሌለው ከተማ

አሶሳ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለፍሬሕይወት፤ በልጅነቷ ከጎረቤት ማንጎ ዛፍ ላይ እያለቀሰች ላወረድኳት፣ ዛሬ ግን የሰው ደም በማይክሮስኮፕ አይታ "ወባ አለብህ" ለምትል ለላቦራቶሪዋ እመቤት፤

ጤናሽን አልጠይቅም፤ ጤና የሚጠየቀው ከአንቺ ነው። እኛ ጋ ዝናቡ ገብቷል። የሱቄ ቆርቆሮ እንደ ከበሮ እየተመታ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌ ቢንቀጠቀጥ በዝናቡ አሳብቢው።

ከመቀጠልሽ በፊት ትእዛዝ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የክርስትና እናትሽ የወርቅውሃ ናት የምታመጣልሽ። ዛሬ ማታ አትሰጥሽም። ነገ ጠዋት ነው የምትሰጥሽ፤ አስምያታለሁና አትጨቅጭቂያት። መጀመሪያ ቁርስ ብዪ። የሰኔ ጾም ነው ብላ ብትከለክልሽ፣ ኃጢአቱን አንለይ ተሸክሞታል በያት፤ እኔ ላይ አንድ ቢጨመር ማንም አያስተውለውም። ከዚያ እሷ አጠገብሽ ትቀመጥና አንብቢ። እንደ ልማድሽ ከመጨረሻው ገጽ እንዳትጀምሪ! ስንቱን ልቦለድ ማን ማንን እንዳገባ ቀድመሽ እየነገርሽ አበላሽተሽብኛል።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም ትይኝ ይሆናል። ኔትወርክ የለም።

እንግዲህ ወደ ጉዳያችን። "አጎቴ፣ ከሥልጠናው በፊት ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ፤ ሄልሲንኪ ምን ልይ?" ብለሻል። የዓለም ዙሪያ ጉዞው ከቡለን እስከ አሶሳ የሆነ ሰው ስለ አውሮፓ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። ደግሞም አላፍርም፤ ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬ፣ የቀረውን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሄልሲንኪን ግን ያስተማረኝ ወንድምሽ ነው። ሰራዊት በየእሁዱ ደውሎ ከተማውን መንገድ በመንገድ ሲያዞረኝ ስለኖረ፣ ዓይኔን ሸፍነው ቢጥሉኝ አልጠፋም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ መሐል ከተማ ባቡር አለ። አንቺ ግን አትሳፈሪበት። የሺዋስ የሚባል ያገራችን ልጅ በመኪና ይጠብቅሻል፤ ረጅም ነው፣ ስምሽን በወረቀት ጽፎ ይይዛል። ሰራዊት አይመጣም። ፈረቃ ደርሶበታል። ስልኩም ተበላሽቷል፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የማያነሳልሽ ለዚያ ነው። ስልክ ጠጋኝ ነኝና እመኚኝ።

ከተማው ውስጥ በትራም ሂጂ። አንድ ቲኬት ከቆረጥሽ ጊዜው እስኪያልቅ ከአንዱ ወርደሽ ሌላው ላይ ትወጫለሽ፤ እንደኛ ባጃጅ በየማቆሚያው ክርክር የለም። ሰራዊት የትራም ሹፌር ሆንኩ ያለኝ ቀን ምን እንዳልኩት ታስታውሻለሽ? "ጎበዝ ሰዎች ናቸው! አሶሳ ውስጥ ባጃጅ ይዘህ ሦስት አጥር ስታፈርስ አይተው፣ ከሐዲድ የማይወጣ ነገር ሰጡህ።" እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

ወደብ ዳር ገበያ አለ። እዚያ የምትበይውን ነገር በሁለት እጅሽ ያዢ። የባሕር ወፎቹ ሌቦች ናቸው፤ ሰራዊት አንዷ ዳቦውን ነጥቃ ፊት ለፊቱ ቆማ ስትበላ "አመሰግናለሁ ብትይ ምናለ" ብሎ በአማርኛ ተቆጥቷታል። የዓሣ ሾርባ ይሸጣሉ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለካህናቱ ተዪው፤ ችግሩ ወተትም ይጨምሩበታል። ሰራዊት "ሁለት ኃጢአት በአንድ ሳህን" ነው የሚለው።

ከዚያው ከገበያው ጀልባ ይነሳል። ሩብ ሰዓት ያህል ሄዶ የድሮ ምሽግ ያለበት ደሴት ያደርስሻል። የትራሙ ቲኬት ለጀልባውም ይሠራል፤ ሌላ እንዳትከፍዪ። ነፋሱ ያፏጫል፤ ሹራብ ያዢ።

እዚህ መስመር ላይ ስደርስ እናትሽ ገባች። ዣንጥላዋን በሬ ላይ አራግፋ፣ ውኃውን በሙሉ ልጠግን የከፈትኩት ስልክ ላይ ረጨችው።

"ምን እያልካት ነው?"

"ስለ ጀልባ።"

"ጀልባ! እንዳትሳፈር በላት። የሱ ባሕር አይበቃኝም?" አለችና ደግሞ ራሷን አጽናናች። "ለነገሩ እሱስ ያንን ሁሉ ውኃ ተሻግሮ ተርፎልኛል። ከእንግዲህ ምን ይነካዋል?"

እኔ ብዕሬን ማራገፍ ያዝኩ። እስክሪብቶ ደግሞ አይራገፍም።

"ጻፍ" አለችኝ። "ከስቶ እንደሆነ እይልኝ በላት። ፎቶ እንዳትልክ፤ ፎቶ ይዋሻል። ክንዱን ጨብጣ ትየው። ሥጋ እንዳለው በእጇ አይታ ትንገረኝ። ጻፍከው?"

"ጻፍኩ።"

"አንብብልኝ።"

አነበብኩላት። ድምፄን ሰምታ "ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት። "ዝንጅብል አፍላ እንጂ" ብላ ተቆጣችኝ። እኔን መቆጣት ከልጅነቷ ጀምሮ ደስ ይላታል።

የላከችውን የወርቅውሃ ታስረክብሻለች። በሶና ድልህ ለሰራዊት ነው። ነጠላው የአንቺ ነው፤ እሁድ ከወንድምሽ ጋር ስታስቀድሺ እንድትለብሺው። እኔ ላይ ጣል አድርጋ አሳየችኝ። "ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ በላት። የአክስቷ ሠርግ ላይ እንዳደረገችው ወደ ላይ እንዳታዘቀዝቀው!" ትዝ ይልሻል? ትንሽ ልጅ ሆነሽ ነጠላ ተውሰሽ፣ ለልቅሶ እንደሚለበሰው ጥለቱን አንገትሽ ላይ አዙረሽ ዳሱ ውስጥ ስትገቢ፣ እናትሽ "ሟርተኛ!" ብላ ከሙሽሮቹ ፊት አስወጣችሽ። እኔና ሰራዊት ከዳሱ ጀርባ ወስደን አስተካከልንልሽ። እሱ አንቺ እንድትስቂ ብሎ የኔን ጋቢ እንደ ቀሚስ ታጥቆ ጨፈረ።

ሄደች እናትሽ። በስልክ ከቡለን ዘመዶች ጋር እየተነጋገረች ነው የሄደችው።

ምን ላይ ነበርን? አዎ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ላሊበላን ያየ ሰው አይደነቅም ብዬው ነበር፤ እሱ ግን "የነሱ ጣሪያ መዳብ ነው፤ በዙሪያው ብርሃን ይገባል" አለኝ። ከፈረቃ በኋላ ደክሞት ሲወጣ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ይገባበት ነበር። ይገባበታል ማለቴ ነው። ቤተ መጻሕፍትም አለ፤ ትልቅ መርከብ ይመስላል። የላይኛው ፎቅ ውጪ፤ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ነው። ማን ነሽ፣ ምን ፈልገሽ ነው ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ሰራዊት የሚደውልልኝ ከዚያ ከመስኮቱ ሥር፣ በሹክሹክታ ነበር። "አጎቴ፣ አንተ እዚህ ብትገባ በፖሊስ ካልሆነ አትወጣም" ይለኝ ነበር።

ደግሞ ዓይንሽን የምትሸፍኚበት ጨርቅ ያዢ። በሰኔ እዚያ አይመሽም። ሰዓታቸው በዚህ ወቅት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል አልፎም ልግባ አልግባ እያለች ትግደረደራለች፤ ገባች ሲሏት ሰማዩ ሳይጨልም፣ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ላይ ተመልሳ ትወጣለች።

ስለዚህ ነገር ትናንት ያጋጠመኝን ልንገርሽ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ምንውየለት ሱቄ መጥቶ ብዙ ሳል ከሳለ በኋላ "ለመሆኑ እዚያ ሄልሲንኪ ጎህ የሚቀደው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለኝ። ይህ ሰው የአሶሳን አውሮፕላን ሰዓት እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

"ጎህ የላቸውም" አልኩት።

"ጎህ የሌለው አገር አለ እንዴ? አትቀልድ።"

"ቀልድ ካማረኝ ከራርሟል ጋሼ።"

"ታዲያ ሰው የሚያንኳኳው በስንት ሰዓት ነው?" አለ።

ፍሬ፣ አንቺም ያደግሽው እኛ ጋ ነው። የእድር ዳኛ የሰው በር በጎህ የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

የወርቅውሃን እጅ ያዢ።

ኔትወርክ አለ። የሰራዊት ስልክ አልተበላሸም፤ ማክሰኞ በዚያው ስልክ የደወለልኝ የሺዋስ ነው። ወንድምሽ ፈረቃውን ጨርሶ፣ ትራሙን ማደሪያው አግብቶ፣ የማቆሚያውን ፍሬን ስቦ ነበር አሉ። እዚያው ወንበሩ ላይ አረፈ። ተሳፋሪው ሁሉ በሰላም ወርዶ ነበር። የሺዋስ እንደነገረኝ ፊቱ የሚያልም ሰው ፊት ነበር።

እናትሽ አታውቅም። የምናውቀው እኔ፣ ጋሽ ምንውየለት፣ ባቢከርና አሁን እጅሽን የያዘችው ሴትዮ ነን። የተወሰነውን ልንገርሽ። አንቺ ሳታውቂ ሄደሽ ከተማውን ታያለሽ፣ ሰኞና ማክሰኞ ትሠለጥኛለሽ፣ "ፈረቃ ላይ ነው" እየተባልሽ ትቆያለሽ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ እዚያ ያሉት ያገራችን ሰዎች ያንኳኩልሻል፤ በዚያው ሰዓት እኛ የእናትሽን በር እናንኳኳለን። አንቺን የሚያስደስት ደብዳቤ የመጻፉ ሥራ ለቀልደኛው ተሰጠ። በክፋት አይደለም። ሰው ሥልጠናዋን ታጣለች፣ አውሮፕላን ላይ ብቻዋን ትሆናለች ብሎ አስቦ ነው። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ።

ባቢከር ግን መንገድ ላይ ያዘኝ። ታውቂዋለሽ፣ ሰራዊትን መንጌ ወስዶ ወርቅ ማጠብ ያስተማረው፣ "ይሄ ልጅ ወርቁን ደፍቶ አሸዋውን ይይዛል" እያለ ሲስቅበት የኖረው ሽማግሌ።

"አንለይ" አለኝ፣ "ይሄ ፍሬሕይወት እዛ ይሄዳል?"

"ትሄዳለች።"

"ሳይነግሩት?"

"ሳንነግራት።"

"እኛ ጋ ቶሎ ነው የሚነግር። ወላሂ ሐራም ነው አንለይ። ይሄ ልጅ እዛ ትራሙን ሁሉ ያያል። ይሄ ትራም መጣ፣ ሹፌሩን ያያል፣ ወንድሙ አይደለም። ሌላ መጣ፣ ያያል፣ አይደለም። አንተ ይሄን ትችላለህ?"

አልቻልኩም። ቀልዶቹን ከላይ ጻፍኳቸው፤ ወፏንም፣ ሾርባውንም። አንዱም ውሸት አይደለም። ግን በየመስመሩ የታየኝ አንቺ ማቆሚያ ላይ ቆመሽ በመስታወት ውስጥ የሹፌር ፊት ስትፈልጊ ነው። ደግሞስ ጎህ በሌለበት ከተማ የጎህን ሥርዓት ማን ይፈጽማል? መርዶ ማለዳ የሚነገረው ሰው ሌሊቱን ተኝቶ እንዲያድር፣ ሲሰማም ቀኑ ሙሉ፣ ጎረቤቱም ሁሉ ከፊቱ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ማለዳ ባለበት አገር ነገርኩሽ፤ በልተሽ፣ አጠገብሽ ክርስትና ያነሳችሽ እናት ተቀምጣ። ጋሽ ምንውየለት ይቆጣኝ። ስጨርስ ወደሱ ነው የምሄደው።

ጉዞሽን እንዳትተዪ። ያለ አንቺ እንዳይሸኙት ለየሺዋስ ነግሬዋለሁ፤ እየጠበቁሽ ነው። ለእናትሽ ዛሬ አትደውዪ፤ ረቡዕን ሳንጠብቅ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሦስታችን እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ ደውዪላት፤ የምትፈልገው የአንቺን ድምፅ ብቻ ነው።

እዚያ ስትደርሺ እናትሽ ያዘዘችሽን አድርጊ። ክንዱን ጨብጪው። ምን እንደተሰማሽ ለሷ እንዴት እንደሚነገር ስትመለሺ አብረን እናስባለን።

ቦታዎቹንም እዪ። ስታዝኚ እዪአቸው፤ የሚያሳይሽ እሱ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ሥር ቁጭ በይና ደውዪልኝ፤ እኔ አነሳለሁ። እሁድ ሲሆን ያንን ስልክ መጠበቅ ለምጃለሁ። በሶውን ለወፎቹ አትስጫቸው፤ ለየሺዋስ ስጪው፣ ሦስት ቀን አልተኛም።

ባጃጁ ጥሩምባውን እየነፋ ነው፤ የወርቅውሃ አውሮፕላኑ ያመልጠኛል ብላ ወደ ሱቁ ውስጥ ትጮሃለች። በሰማይም በባሕርም የማይተኛው ጌታ ከፊትሽ ይቅደም፤ ሲመሽም ሲነጋም በማይታወቅበት አገር እሱ ጠዋትሽ ይሁን። አሜን በይ።

ያቺን ነጠላ ሻንጣ ውስጥ አትክተቻት። ለብሰሻት ሂጂ። ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቂው፤ በዚህ ጊዜ ማንም አይቆጣሽም።

አጎትሽ
አንለይ