ሃምሳ ብቻ የሚችለው ሳጥን

ስማ አንተ ድንቡሼ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታየው የዩኒቨርሲቲው በር ነው። እንዳያምርህ፣ ውስጡ ሰው ያበግናል። የጊቢውን ዋይፋይ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነሮቹ ወንበር ሲያሞቁ እኔ ጣሪያ ለጣሪያ ተንጠላጥዬ ስልሳ ሦስት ዋይፋይ ሰቀልኩ፣ አንዱም አልተንጋደደም። ትናንት ሁሉንም የሚያዛቸው ኮንትሮለር የሚሉት ሳጥን መጣልህ። ሃምሳ ብቻ ነው የሚችለው! ኮሚቴው የመረጠው የድሮ ፕላን አይቶ ነው፤ አዲሱ የሴቶች ማደሪያ ፕላኑ ላይ ጭራሽ የለም። እኛ ሰፈር አናጢው እንኳ በር ሳይቆጥር ማጠፊያ አይገዛም።

«ቆጥሬ ነግሬዎት ነበር እኮ» ስለው አለቃችን «አንተ ገመድህን ጎትት፣ ማን ጠየቀህ?» አለኝ። ይባስ ብሎ የማደሪያውን አስራ ሦስት ዋይፋይ አውርድ አለኝ። ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸዋል፣ ስሰቅልም መሰላሉን የያዙልኝ እነሱ ናቸው። በምን ዓይኔ ልያቸው? «የሰቀልኩትን አላወርድም ጋሼ፣ ከፈለጉ መሰላሉ ይኸው» አልኩት። ልጆቹ እያዩት መሰላሉን ወጣ። ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርስ ወደ ታች አየና ወረደ።

ዛሬ ኮሚቴው ጋ ገብቷል። ነገ ወይ ሳጥኑ ይቀየራል ወይ እኔ።

ቦታ አለቀብኝ። እነ አክስቴን ሰላም በልልኝ፣ እማዬን ጉንጯን ሳምልኝ። ካባረሩኝ ግን ራሱ ለቀቀ በላት።