ጋሼ ግዛው ቤት የተተከለው ድንኳን

ታረቁ! እትዬ ምንትዋብ፣ ወንድሞቻችን ግዛውና ተፈሪ ታረቁ! ጥርስ ወልቆ፣ ቅንድብ ተተርትሮ፣ ሣሩ በደም ርሶ፣ ግን ታረቁ።

ውይ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት። እንዴት ነሽልኝ እህቴ? ያ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ጋሼ ዮሐንስስ ስኳሩ ተስተካከለለት? ልጅሽ ልዕልትስ አዲሱ ሥራ ተስማማት? እኔ ዐይኔን ከሚያስለቅሰኝ ከዚህ አለርጂ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ የሁለቱን ነገር ሳይታረቁ እንዳታነሺብኝ ብለሽ ስለዘጋሽብኝ ነው። አሁንም ብደውልልሽ እልል ስል አንድ ነገር ሳልነግርሽ ነው የምዘጋው። ደግሞም እንዲህ ያለው ነገር ተጽፎ ይቀመጥ።

በሐምሌ ሁላችን ተሰብስበን ከምንሰፍርበት ከሐይቅ ዳሩ ካምፕ ልጀምር። ልዕልት ፎቶ ከላከችልን ከሦስቱ ቦታዎች ጋሼ ግዛው ከትልቁ ዛፍ ሥር ያለው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ጥላ ነው ብሎ። እኔ መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለውን ፈለግኩ፤ በእኔ ዕድሜ ጨለማ ውስጥ ማን ይንከራተታል። ልዕልት ግን፣ የዊስኮንሲን ማዕበል ሳይታሰብ እንደሚመጣ፣ አምና አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ድንኳን ሰንጥቆ የተኛ ሰው ትከሻ እንደሰበረ ስትነግረን ምርጫችንን ተውን። ሶ ሦስተኛውን፣ ከፍ ያለውንና ውሃ የማይተኛበትን ሪዘርቭ አደረግን። ሳትመጡ በፊት ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ትከሉትና ውሃ ረጭታችሁ ሞክሩት ያለችንም እሷው ናት። የመጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ምክር ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባልድዊን ሂልስ፣ ጋሼ ግዛው ቤት ተከልነው። ነጭ ነው፣ ስምንት ሰው ያስተኛል። ጓሮው ቁልቁለት ስለሆነ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ በሚታየው ሣር ላይ ዘረጋነው። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ግማሹ ካስማ ጎበጠ። ከቤተ ክርስቲያን የተዋስኳቸውን አሥራ ሁለት ታጣፊ ወንበሮችም የማይንቋቋውን ልምረጥ ብዬ አጠገቡ ደረደርኳቸው።

ከዚያ ለመንገድ የሚሆን ድርቆሽ ላዘጋጅ ብዬ ወደ ፌርፋክስ ድራይቭ አደረግሁ። ፓርክ ማድረጊያ አጥቼ ሁለቴ ዞሬ፣ በጥድፊያ ወሰንየለሽ ሱቅ ገባሁ። ያቺ ደንበኛዋን ሁሉ በስም የምትጠራው ናት። ዐይኔ ቀልቶ እንባዬ ይወርዳል። ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ምን እንዳልኳት ስሚ፤ «ጋሼ ግዛው ቤት ድንኳን ተክለን ነው የመጣሁት፣ ቶሎ በይና ሠላሳ እንጀራ ስጪኝ።» ይህን የሰማ ሐበሻ ምን ያስባል? ወሰንየለሽ ደረቷን ያዘች። እኔ እንጀራው ያለቀባት መስሎኝ ነበር። ጭራሽ አሥር ጨመረችልኝ፤ ዛሬስ ቸር ሆናለች ብዬ እየመረቅኋት ወጣሁ።

እኔ እንደወጣሁ ተፈሪ በርበሬ ሊገዛ ይገባል። ወንድምህ ቤት ድንኳን መተከሉን አልሰማህም ወይ አለችው። ሌላ አልጨመረችም፤ ምን ይጨመራል?

ቁስላቸውን ታውቂዋለሽ። አባባ ሲሞት ተፈሪ ኦፐሬሽን ሆኖ ሆስፒታል ነበር። ጋሼ ግዛው፣ ሲሻለው እኔ እነግረዋለሁ፣ ማንም እንዳይነግረው ብሎ ሁላችንንም አስማለን። አርባው ካለፈ በኋላ ተፈሪ ቤንዚን ሲቀዳ አንድ የማያውቀው ሰው እግዜር ያጥናህ ብሎት ነው የሰማው። ዘጠኝ ዓመት ያላነጋገራቸው ይኸው ነው። አሁን ደግሞ ወንድሜ ሞቶ ከሱቅ ሰማሁ፣ ዛሬም ደበቁኝ ብሎ በቀይ መብራት ሁሉ እያለፈ መጣ። መኪናውን ሣሩ ላይ አውጥቶ አቆመ።

እኔ በላስቲክ ቱቦ ድንኳኑን ውሃ እረጫለሁ፤ ጋሼ ግዛው ውስጥ ሆኖ የት ጋ እንደሚያፈስ ይፈልጋል። ተፈሪ ነጩን ድንኳንና የተደረደረውን ወንበር ሲያይ ደረቱን እየደቃ፣ ወንድሜን ወንድሜን እያለ ሮጠ። እኔን አላየኝም። በሙሉ ሰውነቱ ድንኳኑ ላይ ተወረወረ። ምሰሶው ቋ ብሎ ተሰበረ፣ ሸራው ተደረመሰ። ጋሼ ግዛው እብድ የመጣበት መስሎት በያዘው የካስማ መዶሻ በጨርቁ ላይ አገኘው። የተፈሪ ቅንድብ ተከፈተ። ደሙ ነጩ ሸራ ላይ ሲሰፋ እያየሁ ቱቦውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ሸራውን ቦጫጭቀው ሲወጡ ተፈሪ ሞተ ያለውን ሰው ፊት ለፊት አየው። «አለህ?» አለው። «አለሁ» አለ ጋሼ ግዛው። ተፈሪ በዚያችው ቅጽበት አፉን በቡጢ አለው፤ የፊት ጥርሱ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከዚያማ የዘጠኝ ዓመት ዱላ ነው እህቴ። ወንበሮቹ ላይ ወድቀው ሰባበሯቸው። ጋሼ ግዛው በስልሳ ዓመቱ አንገቱን አንቆ ሆዱን በጉልበቱ ይለዋል፤ ተፈሪ ጆሮውን ነክሶ አልለቅም አለ። እንደተናከሰ ውሻ ፊታቸው ላይ ውሃ ለቀቅሁባቸው፤ ጭቃ ጨመርኩላቸው እንጂ አልተላቀቁም።

ሲደክማቸው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ተፈሪ ደም እየተፋ፣ «አባቴን እንዳላለቅሰው አደረግኸኝ» አለው። ጋሼ ግዛው እንደወትሮው ለጤናህ ብዬ ነው ይላል ብዬ ስጠብቅ አንገቱን ደፋ። «ላንተ ብዬ አልነበረም» አለ። «ስታለቅስ ማየት ፈርቼ ነው። ፈሪ ነበርኩ ወንድሜ።»

ይህን ቃል ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ተፈሪ የወንድሙን ጭንቅላት ሳበና ደረቱ ላይ ለጠፈው፤ ከዚያ ጮኾ አለቀሰ። ያ ልቅሶ የአባባ ነበር። ጋሼ ግዛውም አባባ፣ አባባ እያለ አነባ፤ እኔም የተቀደደው ሸራ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አብሬ አለቀስኩ። ድንኳኑ ለካ ሥራውን አልረሳም።

በዚህ መሀል ጎረቤት የጠራቸው ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን ሽጉጣቸው ላይ አድርገው መጡ። ተፈሪ እጁን ቀስ አድርጎ አነሣና፣ ወንድሜ ነው፣ ለካምፒንግ ፕራክቲስ እያደረግን ነው አላቸው። ጋሼ ግዛው በጎደለው ጥርሱ ሳቀ። አንደኛው ፖሊስ ድንኳኑን አየት አድርጎ፣ ለእናንተስ ሆቴል ይሻላችኋል ብሎ ሄደ። ወዲያው ደግሞ ወሰንየለሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ድስት ሙሉ ምስር ወጥ ይዛ፣ ሰባት መኪና ለቀስተኛ አስከትላ ደረሰች። ሟቹ ራሱ ወጥቶ ተቀበላቸው። አንዷ ልትወድቅ ነበር። ከተረፉት ወንበሮች ላይ አስቀምጠን በዚያው ምስር ወጥ እርቁን በላን። ተፈሪ ሰባት ቦታ ተሰፍቷል፤ የጋሼ ግዛው ጥርስ አዲስ ይተከልለታል።

እንግዲህ ተፈሪ ከሚስቱ ከሣህሊቱና ከልጆቻቸው ጋር ይመጣል። ልዕልት ያንን ሪዘርቭ ያደረግነውን ቦታ ትሰርዝና ሁለት ድንኳን ጎን ለጎን የሚችል ቦታ ትፈልግልን፤ ዛፍ የማይጫነው፣ ለውሃ ቧንቧው የቀረበ። መጸዳጃ ቤቱ ቢርቅም ግዴለም፣ እሄዳለሁ። አዲሶቹን ድንኳኖች ተፈሪ ገዝቷል፤ አረንጓዴ ናቸው፣ ነጭ በቃን። ረጃጅም ካስማና ከሥር የሚነጠፍ ሸራም ይዘናል። ጋሼ ዮሐንስ ማገዶ ከቤት ጭኖ እንዳይመጣ፤ ተባይ ያመጣል ተብሎ ክልክል ነው፣ እዚያው አካባቢ ይገዛ።

ጋሼ ዮሐንስን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። ልዕልትን ምክርሽ ደም አፍስሶ ሰላም አመጣ በያት። ማቲያስን አክስትህ ዓሣ ማጥመድ ልትማር ነው በይው። ታችኛው ፎቅ ላሉት ለእትዬ ብዙአየሁም እጅ ነሥቻለሁ፤ እሳቸውንም ይዘሽ ነይ፣ ጉልበቴ፣ ሥራዬ፣ ቤቴ የሚል ሰበብ ከማንም አልሰማም። ሁለቱ አንድ እሳት ዳር ተቀምጠው የምናይበት ቀን፣ ሁላችሁም ሐይቁ ዳር የምትገኙበት፣ ቅዳሜ ሐምሌ ፲፪ ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ጁላይ ፲፱።

እህትሽ ዕንቁ
ሎስ አንጀለስ፣ ሰኔ ፱ ቀን ፳፻፮ ዓ.ም.