ጥላህ የገባባት ፎቶ

አለሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር ያለህበትን አገር አላውቀውም። እኛስ አለን። ከተለየኸን የፊታችን እሁድ ዓመት ይሞላል፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ለካህናቱም ተነግሯል። ፎቶ ቤቱን አልዘጋሁትም። ከተማችን መካነ ኢየሱስ ሴት ፎቶ አንሺ ብርቅ ሆኖባት ነበር፣ አሁን ለምዳኛለች።

ለሙት ዓመትህ ፎቶህን አሳድጌ ላሠራ ብዬ ብፈልግ፣ ብፈልግ፣ የለህም! ያገሩን ሙሽራ ሁሉ ስታነሳ ኖረህ ያንተ አንዲት ፎቶ ትጥፋ? ያለችው የመታወቂያህ ጉርድ ብቻ ናት። እሷም በሬ ሰርቆ የተያዘ ሰው አስመስላሃለች። ወንድምህ በሷ ይሁን አለ። ለእናትህ ባሳያቸው፣ ዓይናቸው ደክሟል መቼም፣ አስጠግተው አዩና ይሄ ማነው አሉኝ። ያን ቀን አለቀስኩ። ልጆቻችን አባታቸውን በዚያች ጉርድ ብቻ ሊያውቁት ነው ብዬ ፈራሁ።

ያኔ ነው አንዲት ፎቶ ትዝ ያለችኝ። በተጋባን ዓመት፣ ያባትህ አውድማ ላይ፣ ገብሱ ሲወቃ ያነሳኸኝ። ሕጉ ፀሐይን ከጀርባ ነው ብለህ ቆምክ፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ኖሮ ጥላህ ተዘርግቶ እግሬ ሥር ደረሰ። ታጥባ ስትመጣ ተናደድክ። የአንሺው ጥላ የገባበት ፎቶ አይባልም፣ ጣያት አልከኝ። እኔ ግን ከመስታወቱ ጀርባ ደበቅኳት። ምን እዋሽሃለሁ፣ ላንተ ብዬ አይደለም፤ ቀሚሴ አምሮብኝ ነው!

አውጥቼ ለእናትህ ሰጠኋቸው። ጥላህን በጣታቸው ተከትለው ተከትለው ራስህ ላይ ሲደርሱ፣ ይሄ ልጅ ዛሬም ኮፍያውን አላቃናም አሉ። ከዚያ ወረቀቷን ሳሟት። ደብረ ታቦር ልኬ ያሳደግኳት እሷን ነው። ወንድምህ ሰው በጥላው ይታወሳል ወይ ብሎ ቢያጉረመርም እናትህ ዝም አሰኙት።

ከዚያ ወዲህ ከሕግህ እያፈነገጥኩ ነውና እንዳትቆጣኝ። ወገዳ ለሠርግ ተጠርቼ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ይዤ አነሳሁ። ሙሽራዋ ጠቁራ የነጠላዋ ጠርዝ ብቻ በርቶ ወጣ። እስክስታ ሲወርዱም ትከሻቸው እንደተንቀጠቀጠ፣ እንደፈዘዘ ተውኩት። አባትየው ልጄን አጠቆርሻት ብለው ጮኹብኝ፤ እሷ ግን ከሁሉም መርጣ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው ያቺኑ ነው። ቀጥ በሉ፣ አትሳቁ የምትለውንም ትቼዋለሁ። ብታይ ትቆጣና፣ እኔ ዞር ስል ደግሞ ሰርቀህ ታየው ነበር። አላውቅህምና ነው?

ናፍቀኸኛል አለሜ። ሰው ፎቶ ሊነሳ ገብቶ አንሺው የታለ ሲለኝ አሁንም ወደ ጓዳው እዞራለሁ።

ትናንት ልጆቹን ይዤ እዚያው አውድማ ሄድኩ። እነሱን እኔ በቆምኩበት አቆምኳቸው፣ እኔ አንተ በቆምክበት ቆምኩ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ጠበቅኩና ጥላዬ እግራቸው ሥር ሲደርስ አነሳሁ። በየዓመቱ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ አንተን ፈልገን እንዳጣንህ እኔንም ፈልገው እንዳያጡኝ። አንተንም አልረሳህም፣ እነሱም እንዲረሱህ አልፈቅድም።

ኮፍያህን አድርጌ ነበር። አላቃናሁትም።