ሰማያዊ ቁጥር

ናዝሬት፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ኃይለየሱስ፣ አሰብ፤

የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። ታናሻችን አብተው አሥራ ስምንት ሞላው፤ በቁመት አንተንም ሳይበልጥህ አይቀርም።

የሰፈራችን ወጣቶች ማኅበር ለየቤቱ ቁጥር አወጣ። ጽሕፈትሽ ያምራል ብለው ብሩሹን ለእኔ ሰጡኝ። የስልሳ ሦስቱንም በር ቁጥር በሰማያዊ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ! ከእንግዲህ ደብዳቤም አምቡላንስም ቤታችንን አይስትም ብለን ተደሰትን።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መዝገብ የያዙ ሰዎች መጡ። ቁጥሩን እያዩ በየቤቱ ስንት ወንድ ልጅ እንዳለና ዕድሜው ስንት እንደሆነ ይጽፋሉ። «ለኳስ ቡድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ መዝገባቸውን አጥፈው ወደሚቀጥለው በር አለፉ።

የገረመኝ ግን ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከአንዳንዱ በር ላይ እየጠፋ ነው። ዝናብ ነው እንዳልል ወሩ ኅዳር ነው። ዞሬ ሳይ ሴት ልጆች ብቻ ያሉበት ቤት አንዱም አልጠፋበትም። ይህ ነገር ምን ይመስልሃል?

ትናንት እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀለም በላምባ ይለቃል እንዴ?» አለችኝ።

«ይለቃል» አልኳት። በራችንን ገና አላየችውም ነበር።

ደብዳቤህን እንደ ድሮው በወይዘሮ ዙሀራ ሱቅ በኩል ላክልን። ሁላችንም አንድ ማዕድ የምንከብበትን ቀን እግዜር ያቅርበው።

እህትህ ሙሉብርሃን